አይሱዙዎን በቅያሪ ይስጡ ወይስ ራስዎ ይሽጡት? ለባሕር ዳር የጭነት መኪና ባለቤቶች የንጽጽር መመሪያ

ያገለገለ የጭነት መኪናውን በተሻለ ለመተካት የተነሣ የባሕር ዳር ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው መኪናውን ለመኪና መሸጫ ወይም ለሌላ ባለመኪና ሰጥቶ፣ ልዩነቱን ከፍሎ፣ ሌላ መኪና ይዞ መውጣት ነው፤ ቅያሪ የሚባለው ይህ ነው። ሁለተኛው ገዢ ፈልጎ፣ ተከራክሮ፣ ገንዘቡን ባንክ ካስገባ በኋላ ወደ ገበያ መሄድ ነው። ሰው ሁለቱን የሚያመዛዝነው “ስንት ገመቱልህ?” እያለ ነው። ጥያቄው ለሽያጭ ይሠራል፣ ለቅያሪ ግን አይሠራም። በቅያሪ ጊዜ ለመኪናዎ የተጠራው ዋጋ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም፤ የሚነግርዎት የሚጨምሩት ገንዘብ ነው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹን የመረጥኋቸው ስሌቱን ለማሳየት ነው እንጂ የገበያ ዋጋ ብዬ አይደለም። ዓመታት የሠራ አይሱዙ ኤን ፒ አር አለዎት እንበል። ሻጩ “የእርስዎን በ2,700,000 ብር እይዝልዎታለሁ፤ ይኸኛው 4,100,000 ነው፤ 1,400,000 ይጨምሩና ይውሰዱ” ይልዎታል። የመጀመሪያው ቁጥር ለጆሮ ደስ ይላል። ነገር ግን ወንድምዎን ልከው ያንኑ መኪና በጥሬ ገንዘብ ስንት እንደሚሸጥ ቢያስጠይቁና “3,850,000” ቢባል፣ የእርስዎ መኪና በእውነት የተያዘው በ2,450,000 ብር ነው። ቀሪው 250,000 ብር በሚወስዱት መኪና ዋጋ ላይ ተጭኗል። ስለዚህ ቅያሪ የሚል ቃል ከአፍዎ ከመውጣቱ በፊት የሚወስዱትን መኪና የጥሬ ገንዘብ ዋጋ ይወቁ። ከዚያ በኋላ የሚሰሙት ዋጋ ሌላ ዋጋ ነው።

ያንኑ መኪና ራስዎ ቢሸጡትስ? 2,900,000 ጠርተው በ2,750,000 ተስማሙ እንበል። ደላላው በልማዱ መሠረት ከሻጭ 2 በመቶ ቢወስድ 55,000 ሄደ። ለገዢ ዓይን እንዲሆን ብለው ለባትሪ፣ ለሁለት ጎማና ለጥቃቅን ጥገና 70,000 አወጡ። በእጅዎ የሚቀረው 2,625,000 ብር ነው፤ ከቅያሪው በ175,000 ይበልጣል። ለልፋትዎና ለሥጋትዎ የሚከፈልዎ ይህ ነው። አሁን መኪናው በሳምንት ከወጪ ቀሪ 25,000 ብር ያስገባ ነበር እንበል። ገዢ እየጠበቀ ስድስት ሳምንት ቢቆም 150,000 ብር ቀረብዎት። ትርፉ 25,000 ሆነ፤ የጥበቃና የሹፌር ደመወዝ ሲቀነስ ደግሞ ምንም የለም።

እኔ ከዚህ ስሌት የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ራስን ችሎ መሸጥ የሚያዋጣው መኪናው እየሠራ ሲሸጥ ነው። ግቢ ውስጥ አቁሞ “የሚሸጥ” የሚል ወረቀት መስተዋቱ ላይ መለጠፍ የቅያሪውን ኪሳራ በሌላ በር ማስገባት ነው። እየሠራ መሸጥም የራሱ ጣጣ አለው። ገዢ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ሲመጣ መኪናው መተማ ይሆናል፤ ወይም ወረታ ላይ ሩዝ እየጫነ ነው። መፍትሔው በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን መኪናውን ታጥቦ ከተማ ውስጥ እንዲያድር ማድረግና ለሚደውል ሁሉ ያንን ቀን መንገር ነው።

ባለቤቶች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ሰው ደግሞ አለ፤ ሹፌሩ። መኪናው ተሸጠ ማለት እንጀራው ተሸጠ ማለት ነው። ገዢ መጥቶ “ሞተሩ እንዴት ነው?” ብሎ ሲጠይቀው የሚመልሰው መልስ፣ የሚመልስበትም ፊት፣ ዋጋዎን ከማንኛውም ጭረት በላይ ሊያወርደው ይችላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይንገሩት። መኪናው ሲሸጥ ድርሻ ይኑረው፤ ቀጣዩን መኪናም እሱ የሚይዘው ከሆነ በግልጽ ቃል ይግቡለት። በቅያሪ ይህ ችግር የለም፤ ሹፌሩ በአሮጌው ገብቶ በተሻለው ይወጣል። ከቅያሪ ጥቅሞች ሁሉ ሲነሣ የማልሰማው ይህ ነው።

ቅያሪ ከማን ጋር?

አዲስ የጭነት መኪና የሚያስመጡና የሚገጣጥሙ ድርጅቶች በአብዛኛው የሚፈልጉት ጥሬ ገንዘብ ወይም የባንክ ብድር ነው፤ አሮጌ መኪናዎን የሚቀበል እምብዛም አያገኙም። ስለዚህ ቅያሪ ሲባል የሚቀሩት የመኪና መሸጫዎችና እንደ እርስዎ ያሉ ባለመኪናዎች ናቸው። መሸጫው መልሶ ሊሸጠው ስለሚገዛ ትርፉን አስቀድሞ ይቀንሳል፤ ይህ ንግዱ ስለሆነ ቅር ሊያሰኝ አይገባም። ከባለመኪና ጋር የሚደረገው ቅያሪ በመሐል ትርፍ የሚወስድ ነጋዴ ስለሌለበት የተሻለ ስሌት ሊኖረው ይችላል። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ ሥራው ቀንሶ ትልቁን ኤፍ ኤስ አር በአነስተኛው ኤን ፒ አር መለወጥ ሊፈልግ ይችላል፤ እርስዎ ደግሞ ሥራዎ ሰፍቶ ተቃራኒውን። እንዲህ ያለ ሰው ከተገኘ ሁለታችሁም ታተርፋላችሁ። ችግሩ መገኘቱ ላይ ነው፤ ደላላም ሆነ የቴሌግራም ማስታወቂያ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው።

ራስዎ ሲሸጡ ገዢዎ ማን እንደሆነ የሚወስነው የመኪናው ዓይነት ነው። ሲኖትራክ ገልባጭ የሚፈልገው አሸዋ፣ ድንጋይና ገረጋንቲ የሚያመላልስ ሰው ወይም ሥራ ተቋራጭ ነው። አይሱዙ የሚፈልገው የፎገራን ሽንኩርትና ሩዝ፣ የሜጫን በቆሎና የባሕር ዛፍ አጣና የሚያነሣ ነጋዴ ነው። ሁለቱም ኪሳቸው የሚሞላው በተለያየ ጊዜ ቢሆንም በሐምሌና በነሐሴ ግን ሁለቱም እጃቸውን ይሰበስባሉ። የአሸዋ መንገዱ ይጨቀያል፣ ግንባታው ይቀዘቅዛል፣ እህሉ ገና በማሳ ላይ ነው። ከመስቀል በኋላ ሰሊጡ ይደርሳል፣ ሩዙ ይታጨዳል፣ በቆሎው ይሸለቀቃል፤ ያኔ የመኪና ፈላጊ ስልክ ይጮኻል። በክረምት መለወጥ ግድ ከሆነብዎ ቅያሪ የተሻለ ነው፤ የእርስዎ ዋጋ ቢወርድም የሚወስዱት መኪናም በዚያው ወቅት ለድርድር የተመቸ ይሆናል። መጠበቅ ከቻሉ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ራስዎ ይሽጡ።

የመንገዱን ሁኔታም አይርሱ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት ሲበዙ ከሩቅ የሚመጣ ገዢ ይቀንሳል፤ መኪናዎን 560 ኪሎሜትር ገደማ ነድተው አዲስ አበባ ወስደው መሸጥም ሥጋት አለው። እንዲህ ባለ ጊዜ የገዢው ክበብ ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ብቻ ይሆናል፤ ቅያሪ የሚያቀርበው መሸጫም ይህን ያውቃል።

በመሐል የሚቆይ ገንዘብ

ቅያሪን የሚደግፈው ትልቁ ምክንያት ፍጥነቱ አይመስለኝም። ሁለቱ ዋጋዎች አብረው መንቀሳቀሳቸው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በሰኔ መኪናውን ሸጦ “ክረምቱ ይውጣና እገዛለሁ” ያለ ሰው በባንክ ያስቀመጠው ብር ቁጥሩ አልተነካም፤ የሚገዛለት መኪና ግን አነሰ። በዚያው ሰኔ በቅያሪ የወጣ ሰው ምንም አልሆነም።

ስለዚህ ራስዎ የሚሸጡ ከሆነ በሽያጩና በግዢው መካከል ያለውን ጊዜ ወደ ምንም ያስጠጉት። የሚገዙትን መኪና አስቀድመው ያግኙ፣ ከባለቤቱ ጋር ይነጋገሩ፣ ከዚያ የራስዎን ይሽጡ። የሚሸጡት ለመተካት ካልሆነ፣ ከጭነት ሥራ ለመውጣት ከሆነ፣ ቅያሪ የሚባለው ጥያቄ ራሱ አይነሣም።

በሌላ በኩል በአገራችን አሮጌ መኪና በቀላሉ ዋጋ የማይጥልበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን አክብዶታል። የምንዛሪውም ለውጥ ተጨመረበት። በአገር ውስጥ ያለ፣ ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ንጹሕ የሆነ፣ ሞተሩ ያልደከመ መኪና ያለው ሰው ስለዚህ በችኮላ የመጀመሪያውን ግምት የሚቀበልበት ምክንያት የለውም።

“ሞተሩ ያልደከመ” ያልሁት በምክንያት ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ባለው 40 ኪሎሜትር ገደማ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ጭኖ ሳይሞቅ የሚወጣ መኪና ሻጩን አያሳፍርም። የሚሞቅ፣ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ፣ ካምቢዮው የሚንሸራተት ከሆነ ግን ሦስት ምርጫ አለዎት፤ ሞተሩን አሳድሶ መሸጥ፣ እንዳለ ጉድለቱን ተናግሮ መሸጥ ወይም በቅያሪ መስጠት። የመጀመሪያውን አልመክርም። ለሞተር እድሳት ያወጡትን ገንዘብ ገዢው ሙሉ በሙሉ አይመልስልዎትም፤ ጥራቱን ስላላየው አያምነውም። ጋራዥ ያለው ወይም መካኒክ የቀጠረ መኪና መሸጫ ያንኑ እድሳት ከእርስዎ በርካሽ ያሠራዋል። እንዲህ ላለው መኪና ቅያሪ እውነተኛ መልስ ነው። ጉድለቱን ግን ይናገሩ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ ሆን ብሎ የደበቀው ጉድለት ከሽያጩ በኋላም ይከተለዋል።

ገንዘብ የሚመልሱ ጥገናዎች ትንንሾቹ ናቸው፤ የተሰበረ ባሌስትራ ማስተካከል፣ የሚያንጠባጥብ ዘይት ማስቆም፣ የጋቢናውን ወንበር ማልበስ፣ መብራቶቹን ማሟላት፣ ቦሎውን (የዓመታዊ ምርመራ ማረጋገጫውን) ማሳደስ። ቀለም ሙሉ በሙሉ ማስቀባት ይቅር። አዲስ ቀለም ያለበት አሮጌ አይሱዙ ሲያይ ልምድ ያለው ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው “የት ተገልብጦ ነው?” ብሎ ነው። አሸዋ ሲጭን የኖረ መኪና ከሆነ የዕቃ መጫኛው ወለል ይታያል፤ እርጥብ አሸዋ ላሜራውን ይበላዋል። ይህንን በቀለም መሸፈን ገዢውን ጥርጣሬ ውስጥ ከመክተት በቀር ፋይዳ የለውም።

ወረቀቱ

ከዋጋው ይልቅ ሰው የሚያስለቅሰው ይህ ክፍል ነው፤ ቅያሪም ሆነ ሽያጭ እኩል ይነካል።

መጀመሪያ ሊብሬውን ይዘው ከመኪናው አጠገብ ይቁሙና የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በዓይንዎ ያመሳክሩ። ከዓመታት በፊት ሞተር ተቀይሮ ሳይመዘገብ የቀረ መኪና ብዙ ነው፤ ስም ሊዛወር ሲል ብቻ ይገለጣል። መኪናው በባንክ ብድር የተያዘ ከሆነ ዕገዳው ሳይነሣ ስም አይዛወርም፤ ገዢው፣ እርስዎና ባንኩ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ከሽያጩ ዋጋ ዕዳው መጀመሪያ እንዲከፈል መስማማት አለባችሁ። የትዳር ጓደኛዎ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያላገባ ሰው ደግሞ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይጠየቃል። ኮድ 3 ታርጋ ያለው የንግድ መኪና ከሆነ የግብር ክሊራንሱ ጊዜ ስለሚወስድ ገዢ ከመፈለግዎ በፊት ይጀምሩት። በንግድ ሀብትነት የተመዘገበ መኪና ሲሸጥ የሚገኘው ትርፍ ከንግድ ገቢዎ ጋር ይታሰባል። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆኑ ደግሞ በ15 በመቶው ጉዳይ ከሒሳብ ባለሙያዎ ጋር ሳይነጋገሩ ዋጋ አይጥሩ። በቅያሪ ደግሞ ሁለት መኪና ስለሚዛወር ወጪውም ሁለት ነው። ማን የትኛውን እንደሚከፍል ካልተጻፈ ጠቡ የሚነሣው ክፍያ መስኮቱ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ውክልና ነው። አንዳንድ መሸጫ በቅያሪ የተቀበለውን መኪና በስሙ አያዞርም፤ “ውክልና ይስጡኝ፣ ገዢ ሲመጣ በቀጥታ በእሱ ስም አዞረዋለሁ” ይላል። ለእሱ አንድ የዝውውር ወጪ ይቀንስለታል። ለእርስዎ ግን መኪናው ከእጅዎ ወጥቶ በስምዎ እንደ ተመዘገበ ይኖራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ባለቤቱን መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ያልተፈቀደለት ሰው ሲነዳው ጭምር፣ ኃላፊ ያደርገዋል፤ ነፃ ከሚያወጡት ነገሮች አንዱ መኪናው ተሰርቆ እንደነበረ ማስረዳት ነው። በፈቃድዎ ቁልፍ ያስረከቡትን መኪና ተሰረቀብኝ ማለት አይችሉም። ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ የተጎጂው ቤተሰብ የሚመጣው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ጋ ነው።

በተቃራኒው እርስዎ የሚወስዱት መኪናም በሌላ ሰው ስም ሆኖ በውክልና ሰንሰለት የመጣ ሊሆን ይችላል። ውክልና የሰጠው ሰው ከሞተ ውክልናው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳይዎ ከማያውቋቸው ወራሾች ጋር ነው። እኔ ብሆን በቅያሪ ላይ አንድ ነገር ብቻ እንድጠይቅ ቢፈቀድልኝ ስለ ዋጋው ሳይሆን “ሊብሬው በማን ስም ነው?” ብዬ ነበር የምጠይቀው። መሸጫው በራሱ ስም ለማዞር ፈቃደኛ ካልሆነ ጭማሪው በሃምሳ ሺህ ብር ቢቀንስልዎትም አይግቡበት።

ደላላና ቀብድ

ደላላን ሳያስፈልግ ማጥላላት ልማድ ሆኗል። ጥሩ ደላላ ገዢን ከእርስዎ በፊት ይመዝንልዎታል፤ ለማየት ብቻ የሚመጣውን ያስቀርልዎታል። ድርሻው ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈለው አስቀድመው ይስማሙ። ክፍያው ስም ሲዛወር እንጂ ቀብድ ሲያዝ መሆን የለበትም። ከሁለት በላይ ደላላ መያዝ አይጠቅምም፤ አንድ መኪና በአንድ ቀን በአራት የተለያየ ዋጋ ሲጠራ ገዢው ወዲያው ይሰማል።

ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ዕጥፉን ይመልሳል። 100,000 ብር ቀብድ ተቀብለው በማግሥቱ 150,000 ብር የሚጨምር ሌላ ገዢ ቢመጣ፣ ለመጀመሪያው 200,000 መልሰው የሚተርፍዎ 50,000 ነው፤ ስምዎም በገበያው ውስጥ በክፉ ይነሣል። ስለዚህ የመጨረሻ ዋጋዎን ሳይወስኑ ቀብድ አይቀበሉ። ቀብዱ የሚያዝበትን ቀን ገደብ፣ ቀሪው የሚከፈልበትን ቀንና የዝውውር ወጪ ከፋዩን በሦስት ምስክር ፊት ይጻፉት።

ክፍያን ለመቀነስ በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ሕገ ወጥነቱ እንዳለ ሆኖ ለሁለቱም ወገን መጥፎ ነው። ነገ ውሉ ቢፈርስና ገንዘብ ይመለስ ቢባል ዳኛው የሚያየው የተጻፈውን ነው። ቅያሪ ላይ ደግሞ ለሁለቱም መኪና ዋጋ በውሉ ይጻፍ፤ “መኪና በመኪና” ብቻ ተብሎ የተጻፈ ውል ሲጣሉ ለማስላት አይመችም።

ቼክ ሲቀርብልዎ ደረቅ ቼክ (በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ) የወንጀል ጉዳይ መሆኑ አያዝናናዎት። ሰውየው ቢታሰርም መኪናዎ ሄዷል። ሲፒኦ (ባንኩ ራሱ የሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ይጠይቁ፤ ሲፒኦውንም ያወጣው ባንክ ቅርንጫፍ ራስዎ ሄደው ያረጋግጡ። ከሁሉም የሚሻለው ሁለታችሁም ሒሳብ ባላችሁበት ባንክ ተገናኝታችሁ ገንዘቡ ከእሱ ወደ እርስዎ ሲዛወር ማየት ነው። ፊርማው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ከፊርማው በኋላ። ስሙ ተዛውሮ አዲሱ ሊብሬ በገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ መኪናው መንገድ እንዳይወጣ ይስማሙ። መውጣቱ ግድ ከሆነም የሦስተኛ ወገን መድኑ ያላለፈበት መሆኑን ያረጋግጡ፤ የርክክቡን ቀንና ሰዓት ገዢው ፈርሞ አንዱ ቅጂ በእርስዎ ዘንድ ይቅር። የውሉን፣ የሊብሬውንና የክሊራንሱን ቅጂ ቢያንስ ግብርዎን ዘግተው እስኪጨርሱ ድረስ አይጣሉ።